«ም/ጎጃም» ወዴት ነው? ስለ ምኅጻረ ቃላት መደራረብ የቀረበ ሂስ

በጠቅላላ ዕውቀት የጥያቄና መልስ መጻሕፍት፣ በጋዜጦች የመዝናኛ ዓምድና በሬዲዮ ውድድሮች ውስጥ እምብዛም የማይታጣ አንድ የጥያቄ ዓይነት አለ። ይኸውም «ይህ ምኅጻረ ቃል ሲተነተን ምን ማለት ነው?» የሚለው ነው። ጠያቂው ሦስት ወይም አራት ፊደል ያቀርባል፤ ተጠያቂው ይተነትናል፤ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ይባልና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ጥያቄው ጨዋታ ነውና በጨዋታነቱ ነቀፋ የለንም። ነገር ግን ከጥያቄው ሥር ያልተመረመረ እምነት ተቀምጧል፤ እርሱም አንድ ምኅጻረ ቃል አንድ ፍች ብቻ አለው የሚለው ነው። ይኸው እምነት ከጨዋታው ወጥቶ በመዝገብ ቤት፣ በታሪክ መማሪያና በመዝገበ ቃላት ዝግጅት ላይም ስለሚታይ ሊመረመር ይገባዋል።

ጥያቄው ተገልብጦ «እነዚህን ፊደላት የሚጋሩ ነገሮች ስንት ናቸው?» ቢባል ኖሮ ብዙ ያስተምር ነበር። ከውጭ አገር ጥቂት የታወቁ ምሳሌዎችን እናንሣ። ሲ.አይ.ኤ. ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመውን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ነው፤ በዚያው አገር ግን በ1946 የተመሠረተ የምግብ ሙያ ማስተማሪያ ተቋም በእነዚያው ሦስት ፊደላት ይጠራል። ኤ.ቢ.ሲ. በአሜሪካም በአውስትራሊያም የየራሱ የብሮድካስት ድርጅት ስም ነው። እነዚህ ከፈገግታ አያልፉም። ደብልዩ.ደብልዩ.ኤፍ. ግን ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት በ1986 ስሙን ሲያሰፋ ፊደላቱን መልቀቅ ስላልፈለገ አዲሱን ስም በእነዚያው ሦስት ፊደላት ልክ አዘጋጀው። የትግል ትርኢት የሚያቀርብ አንድ የአሜሪካ ኩባንያም በእነዚሁ ፊደላት ይጠራ ነበርና ሁለቱ ተከራከሩ፤ በ2001 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ለአራዊት ጠባቂው ፈረደለት፣ በ2002ም ትግል አዘጋጁ የመጨረሻውን ፊደል ለውጦ ደብልዩ.ደብልዩ.ኢ. ተባለ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስሙ ተለውጦ ፊደሉ መቅረቱ ነው። ምኅጻረ ቃል ሲለመድ ከወላጁ ቃል ተለይቶ ለብቻው ይቆማል።

ወደ አማርኛ ስንመለስ በመጀመሪያ የሚታየን ነገር አበረታች ነው። የላቲን ፊደላት 26 ስለሆኑ በሁለት ፊደል ሊገኙ የሚችሉት ጥምረቶች 676 ብቻ ናቸው። የእኛን ፊደል ግን ዲቃላዎቹንና «ቨ»ን ትተን 33ቱን በ7 ብናባዛ 231 ይሆናል፤ በሁለት ፊደል የሚገኘውም ጥምረት 53,361 ይደርሳል። በዚህ ስሌት ከሄድን በአማርኛ የምኅጻረ ቃላት መደራረብ ብርቅ መሆን ነበረበት። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ምክንያቱንም ከፊደላችን ሳይሆን ከቃል አመሠራረታችን መፈለግ ይገባል።

እንደሚታወቀው አማርኛ እንደ ሌሎቹ ሴማውያን ቋንቋዎች ከግስ ስም የሚያወጣው በአመዛኙ ባዕድ መነሻ በመጨመር ነው። ማኅበር ከኀበረ፣ ማተሚያ ከአተመ፣ ማሠልጠኛ ከሠለጠነ፣ መምሪያ ከመራ፣ መዝገብ ከዘገበ፣ መንግሥት ከነገሠ ይወጣል። ተቋም ከቆመ፣ ተልእኮ ከላከ የወጡ ናቸው። በእነዚህ ቃላት ሁሉ የመጀመሪያው ፊደል የሥሩ አይደለም፤ ቃሉ የመሣሪያ፣ የቦታ ወይም የአድራጎት ስም መሆኑን ብቻ የሚያመለክት ጭማሪ ነው። የቃሉ ማንነት ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጡት ፊደላት ላይ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ማሳጠር ማለት ከቃሉ ክፍሎች ሁሉ ለመለያነት ከሁሉ ያነሰውን መርጦ ማስቀረት ማለት ነው። የመንግሥትና የማኅበራት ስሞቻችን በ«መ»ና በቤተሰቡ መጨናነቃቸው ስለዚህ ነው። «የም/ቤቱ ም/አፈ ጉባኤ» በሚለው አጭር ሐረግ ውስጥ እንኳ የመጀመሪያው «ም» ምክር፣ ሁለተኛው «ም» ምክትል ነው። አንባቢው ይህን የሚለየው በልማድ እንጂ በጽሑፉ ረዳትነት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ግን ከካርታ ላይ የሚገኘው ነው። ምሥራቅ ከሠረቀ፣ ምዕራብ ከዐረበ የወጡ ሲሆኑ ሁለቱም «ም»ን ባዕድ መነሻ አድርገዋል። ስለዚህ ምሥራቅ ጎጃምም ምዕራብ ጎጃምም «ም/ጎጃም» ተብለው ይጻፋሉ፤ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ሸዋም እንዲሁ። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች በአንድ ምልክት ሲጻፉ ማየት የሚያስደንቅ ነው። ለደብረ ማርቆስ የተጻፈ ደብዳቤ ፍኖተ ሰላም ቢደርስ ጥፋቱን በፖስታ አመላላሹ ላይ ብቻ መጣል አይቻልም። «ሰ/ሸዋ»ና «ደ/ወሎ» ግን ይህ ችግር የለባቸውም፤ ሰሜንና ደቡብ በአጋጣሚ በተለያየ ፊደል ይጀምራሉና። አንዳንድ ጸሐፊዎች በራሳቸው ጥንቃቄ «ምሥ/ጎጃም» እና «ምዕ/ጎጃም» ሲሉ ይታያል። አንድ ፊደል ተጨመረ፤ ከሥሩም የመጀመሪያው ፊደል ስለተገኘ መደራረቡ ጠፋ።

ይህ ዘዴ አዲስ ግኝት አይደለም። የቀደሙ ሊቃውንት ችግሩን ያውቁት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። የኦሪትን አምስት መጻሕፍት ስሞች እንመልከት። አምስቱም በ«ዘ» ይጀምራሉ፤ እርሱም አያያዥ እንጂ የስሙ አካል አይደለም። በመጀመሪያው ፊደል ቢያጥሩ ኖሮ አምስቱም አንድ በሆኑ ነበር። ነገር ግን ዘፍ.፣ ዘጸ.፣ ዘሌ.፣ ዘኍ.፣ ዘዳ. ተብለው ስለሚጻፉ ማንም አይሳሳትም። ማቴዎስና ማርቆስ በ«ማ» ስለሚገናኙ ማቴ. እና ማር. ተባሉ። ፊልጵስዩስና ፊልሞና ግን በሁለት ፊደልም አይለዩም፤ ኢዮብና ኢዮኤልም እንደዚሁ፤ ለእነዚህ ሦስተኛ ፊደል ወይም ሌላ ብልኃት ያስፈልጋል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ መለየት እስኪቻል ድረስ ይጻፋል፣ ሲለይ ይቆማል። የድጓውን የዜማ ምልክትም ማስታወስ ይቻላል። ከመስመሩ በላይ በትንንሽ የሚጻፉት ምልክቶች ዜማው ከተወሰደበት ቃል የተቆረጡ ፊደላት ናቸው፤ አንዳንዱ አንድ ፊደል ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ነው። ለሁሉ አንድ ልክ አልተሰፋለትም።

በነገራችን ላይ የዚህ ጉዳይ ስም የሆነው ቃል ራሱ ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይጻፋል። በግእዝ ኀጸረ በ«ኀ» ሲጻፍ አጠረ ማለት ነው፤ ሐጸረ በ«ሐ» ሲጻፍ ግን አጠረ የሚለውን የሚሰጠው በሌላ ፍች ነው፣ ማለትም አጥር ሠራ፣ ከለለ። ስለዚህ «ምሕጻረ ቃል» ብሎ የሚጽፍ ሰው በግእዙ ሚዛን ቃሉን አጥር አጠረበት እንጂ አላሳጠረውም። በአማርኛ ሁለቱም «አጠረ» መሆናቸው ለቀልድ ይመቻል። ወደዚህ ወደ ሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ኋላ እንመለሳለን።

አሁን ከቦታ ስም ወደ ሰው ስም እንሻገር፤ መደራረቡ ሰውን በቀጥታ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። «ገ/ማርያም» ለአንባቢ ችግር የለውም፤ ገብረ ማርያም ነው። «ወ/ማርያም» ግን ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? አንዱ ወንድ ነው፣ ሁለተኛዋ ሴት ናት። በዕለት ተዕለት ጥሪ ወለተ ማርያም የምትባል ሴት ብዙ ላትገኝ ትችላለች፤ በክርስትና ስም መዝገብ ግን እጅግ ብዙ ነው። የጥምቀት ምስክር ወረቀት ለውርስ ወይም ለዕድሜ ማረጋገጫ በሚቀርብበት ጊዜ በዚያች እዝባር ምክንያት ጾታ ይጠፋል። «ቅ/ማርያም» እና «ቅ/ጊዮርጊስ» በምንልበት ጊዜ ቅድስትና ቅዱስ ቢደራረቡም ተከታዩ ስም ፍቹን ይነግረናል፤ የሰውየው ወይም የሴትዮዋ መዝገብ ግን ምንም አይነግረንም። እንዲሁም «ተ/ሚካኤል» ተክለ ሚካኤልም ተስፋ ሚካኤልም ሊሆን ይችላል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ተ/ሐዋርያት ተ/ማርያም» ብንላቸው የሚሳሳት አይገኝም፤ ሰውየው በታሪክ የታወቁ ናቸው። ስሙ ከመዝገቡ ውጭ በማይታወቀው ዜጋ ላይ ግን ግምት ይተካል።

የኃይለና የሀብተ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ኃይለ ማርያም በ«ኃ»፣ ሀብተ ማርያም በ«ሀ» ቢጻፍ ሁለቱ ምኅጻረ ቃላት አይገናኙም። ነገር ግን «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» በዛሬው አማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ጸሐፊው እንዳሻው ይጽፋቸዋል፤ ስለዚህ «ሀ/ማርያም» የሁለቱም ይሆናል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ነገሩ ይብሳል። ኪዳነ ማርያምና ክፍለ ማርያም በእኛ ፊደል «ኪ/» እና «ክ/» ሆነው በሣልስና በሳድስ ይለያሉ፤ በላቲን ግን ሁለቱም በአንድ «ኬ» ይጀምራሉ። ወደ ውጭ አገር የሄዱ ወገኖቻችን ሰነዳቸውን በዚህ መልክ ይዘው ከሄዱ፣ የዚያ አገር ቅጽ እዝባርን ካልተቀበለ፣ አንድ ተነባቢ ብቻ በስማቸው መነሻ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሙሉውን ስም መጻፍ የሚፈጀው ቀለም ጥቂት ነው። በሰው መጠሪያ ስም ላይ ማሳጠር ፈጽሞ መቅረት አለበት ብለን እናምናለን፤ በዚህ ነጥብ ላይ መካከለኛ መንገድ አይታየንም።

የማዕረግ ስሞች ሌላ ዘዴ ይከተላሉ። ወይዘሮ «ወ/ሮ»፣ ወይዘሪት «ወ/ት»፣ መምህር «መ/ር»፣ ኮሎኔል «ኮ/ል» ይባላሉ፤ ማለት መነሻና መድረሻ ፊደል ተወስዶ መካከሉ ይቀራል። ይህ ዘዴ መልካም ነው። ሻምበልና ሻለቃ በመጀመሪያ ፊደላቸው አንድ ሲሆኑ «ሻ/ል» እና «ሻ/ቃ» ሲባሉ ማዕረጋቸው አይምታታም። ይሁን እንጂ ዘዴው ከውጭ ቋንቋ በመጡ ስሞች ላይ ይሰናከላል። ኮማንደርና ኮሚሽነር በአንድ የፖሊስ ተቋም ውስጥ ያሉ ሁለት ማዕረጎች ሲሆኑ ሁለቱም «ኮ/ር» ይሆናሉ። ኢንጂነርና ኢንስፔክተርም ሁለቱም «ኢ/ር» ናቸው፤ መንገድ የሚቀይሰውና ወንጀል የሚመረምረው በአንድ ምልክት ይጠራሉ። ምክንያቱ ቀደም ሲል ካየነው ጋር አንድ ሆኖ አቅጣጫው የተገላበጠ ነው። የአገር ውስጥ ቃላት በባዕድ መነሻ ይመሳሰላሉ፤ የአውሮፓ የሙያ ስሞች ደግሞ በባዕድ መድረሻ ይመሳሰላሉ፣ አድራጊውን የሚያመለክተው «ር» በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ አለና። ስለዚህ ለአገርኛው ቃል መድረሻው ሲጠቅም ለውሰቱ ቃል መካከሉ ይጠቅማል፤ «ኢንጂ.» እና «ኢንስ.» ቢባል ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው የዘመን አቆጣጠር ምኅጻረ ቃላትን ነው። በታሪክ መጻሕፍታችን ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረውን ዘመን «ዓ.ዓ.» ብሎ መጻፍ ተለምዷል፤ ሲተነተን ዓመተ ዓለም ነው። በባሕረ ሐሳብ ግን ዓመተ ዓለም ማለት ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠር ዘመን ነው፤ እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዓመት ተቆጥሮ ዓመተ ምሕረቱ በላዩ ይደመራል። የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት 1888 ዓ.ም. በዚህ ስሌት 7388 ዓመተ ዓለም ነው። እዚህ ላይ የተደራረቡት ፊደላቱ ብቻ አይደሉም፤ የተተነተነው ቃልም አንድ ሆኖ ፍቹ ሁለት ነው። «500 ዓ.ዓ.» የሚል ጽሑፍ ለዘመናዊው ተማሪ ከልደት 500 ዓመት በፊት ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ለተማረው ግን ፍጥረት ከሆነ 500ኛው ዓመት፣ ማለት ከልደት 5000 ዓመት በፊት ነው። አንደኛው ቁጥሩ ሲያድግ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ወደ ፊት ይመጣል። ለታሪክ ጽሑፍ «ቅ.ል.ክ.» የሚለው፣ ማለት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ከዚህ ሁሉ ያድናል። «ዓ.ዓ.» ለባሕረ ሐሳብ ቢተው የሚጎዳ የለም።

«እ.ኤ.አ.» እና «እ.ኢ.አ.» ደግሞ የዓይን ፈተና ናቸው። አንደኛው እንደ ኤውሮፓ፣ ሁለተኛው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን የሚለያቸው በመካከለኛው ፊደል እግር ላይ ያለች ጭረት ወይም ቀለበት ብቻ ናት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. 1963 ነው። አራሚው ያችን ቀለበት ቢስታት ድርጅቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ዘግይቶ የተወለደ ይሆናል። አንዳንዶች «አውሮፓ» በሚለው አጻጻፍ ተመርተው «እ.አ.አ.» ይላሉ፤ ይህ ከ«ኢ» ይርቃል፣ ነገር ግን «አ» የአሜሪካ ናት ብሎ ለሚተነትን መንገድ ይከፍታል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሚለውን ይዞ «እ.ጎ.አ.» የሚለው አጻጻፍ በዓይንም በትንታኔም የሚጋጨው የለምና ከሦስቱ ይመረጣል። ልማዱ ከብዶ ስለተገኘ በዚህ ጽሑፍም «እ.ኤ.አ.» ማለታችንን አንባቢ ያስተውላል።

የድርጅቶችን ስም በተመለከተ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የ«ኢ» ብዛት ነው። የዘርፉ «የ» ተጥሎ ኢትዮጵያ በ«ኢ» ስትወከል ኢመማ፣ ኢዜአ፣ ኢሠፓ፣ ኢሕአፓ፣ ኢሕአዴግ ይገኛሉ። ሁሉ የያዘው ፊደል ማንንም አይለይም፤ ክብር እንጂ መረጃ አይሰጥም። ኢሕአፓና ኢሕአዴግ በመጀመሪያ ሦስት ፊደላት አንድ ናቸው፤ የታሪካቸውን ልዩነት ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአንዱ ስም ሕዝብ፣ በሌላው ሕዝቦች የሚለው የነጠላና የብዙ ልዩነትም ትልቅ የፖለቲካ ትርጉም ነበረው፤ በ«ሕ» ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። «አአ»ም እንደዚሁ ነው፤ በአአዩ አዲስ አበባ ነበረች፣ በአአድ አፍሪካ አንድነት ሆነች። ለብዙ ዓመታት በተሠራበት የተሽከርካሪ ሰሌዳ ላይ አአ፣ አማ፣ አፋ ተብሎ በሁለት ፊደል መጻፉ ተገቢ ጥንቃቄ ነበር፤ በ«አ» የሚጀምሩ ሦስት ስሞች በአንድ ፊደል ሊለዩ አይችሉምና።

ኢሠማኮ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ነው፤ ኢሰመኮ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። ሁለቱን በጆሮ የሚለያቸው «ማ»ና «መ» ብቻ ነው፤ በዓይን ግን «ሠ»ና «ሰ»ም ይረዳሉ። ይህ ምሳሌ ፊደል ይቀነስ አይቀነስ ለሚለው የቆየ ክርክር ያልታሰበ ማስረጃ ያቀርባል። ሞክሼ ፊደላት በሙሉ ቃል ውስጥ ጥቅማቸው ያነሰ ነው የሚለውን ክርክር እንቀበላለን፤ «ሠራተኛ»ን በ«ሰ» ቢጽፉትም ፍቹን የሚስት የለም። በምኅጻረ ቃል ውስጥ ግን ከቃሉ የቀረው ያ አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ዋጋ ያገኛል። ሕዝብ በ«ሕ»፣ ኅብረት በ«ኅ» ሲወከሉ አንባቢ ሁለት ቃል ያያል፤ ሁለቱም በ«ህ» ሲወከሉ አንድ ያያል። ይህ ብቻውን ሞክሼዎችን ለማቆየት በቂ ምክንያት ነው አንልም። የቅነሳው ደጋፊዎች ሒሳባቸውን ሲያወራርዱ ይህንንም ወጪ እንዲጽፉት ግን እንጠይቃለን።

የፊደላችን ሌላው ጠባይ እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ መገኘቱ ነው። በላቲን ተነባቢዎቹን አንድ በአንድ መጥራት ግድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በእኛ ግን ተመድ፣ መኢሶን፣ መያድ ሳይለፋ ቃል ይሆናል፣ ወዲያው ይረባል፤ «የተመድ»፣ «መያዶች» ይባላል። ይህ ጸጋ ነው፤ ዕዳም አለው። ቃል መስሎ የተሠራው ከነባር ቃል ጋር ይላተማል። የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ ሲያጥር «አብን» ነው፤ ይህም በጸሎት ቋንቋ «አብ» በተሳቢነት ሲነገር የምንሰማው ነው። የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ «ኢዜማ» ሲባል «ፍትሕ» ከምኅጻሩ ውጭ ቀርቷል፤ ዜማ የሚለው ቃል ጆሮ ስለሳበ ይሆን? ያም ሆነ ይህ በ«ኢዜ» ከኢዜአ ጋር ተገናኝቷል፤ እዚያ ዜና፣ እዚህ ዜጎች።

በዚህ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ስሞችን በፊደላችን መጻፍ ሲጨመር ግራ መጋባቱ ይደርባል። ያው የአገራችን ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን አንድ ጊዜ በአማርኛው «ኢብኮ»፣ ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛው «ኢቢሲ» ይባላል። «ኢ» በሁለቱም መገኘቷ አጋጣሚ ነው፤ በመጀመሪያው የኢትዮጵያ መነሻ ናት፣ በሁለተኛው የአንድ የላቲን ፊደል መጠሪያ ናት። የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል ደግሞ በእንግሊዝኛ «ኤ» ስለሚባል «ኢቢሲ» እና «ኤቢሲ» በአንዲት ጭረት ይለያሉ፤ «ኤ»ም እንደ ቦታው ኤውሮፓን ወይም የባዕድ ፊደል ስምን ትወክላለች። ድርጅት ሁሉ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መርጦ ቢጸና ለአንባቢም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ይቀላል። የእኛ ምርጫ የአማርኛው ነው፤ ምክንያቱም ከአማርኛው ምኅጻር ተነሥቶ ወደ ሙሉው ስም መመለስ ይቻላል፣ ከእንግሊዝኛው ግን አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ መመለሻ የለውም።

ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚቀረው ጥያቄ እነዚህን እንዴት እንመዝግባቸው የሚለው ነው። ምኅጻረ ቃላትን በመጽሐፉ ፊት ገጽ ላይ በአንድ ዓምድ ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ አንድ ፍች መስጠት ከጥያቄና መልስ መጻሕፍት አሠራር ብዙ አይርቅም። ይልቅስ እንደ ማንኛውም ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል በዋናው አካል ውስጥ ገብተው ፍቻቸው በ1፣ በ2፣ በ3 ሊቆጠር፣ እያንዳንዱም ፍች የሚሠራበት መስክ ሊጠቀስ ይገባል፤ «ዓ.ዓ.» 1ኛ በባሕረ ሐሳብ፣ 2ኛ በታሪክ ጽሑፍ እየተባለ። እዝባርና ይዘት በፊደል ተራ ላይ እንደሌሉ መቆጠር አለባቸው፤ «መ/ር»ን የሚፈልግ ሰው «መር» በሚገኝበት ቦታ ይፈልገዋልና። የትንታኔው ቃል ግን በራሱ ቦታ የተመዘገበ ስለሆነ ወደዚያ ማመልከት ብቻ ይበቃል። «ወ/» የሚለው ካርድ ወደ ወልደም ወደ ወለተም ማመልከት አለበት፤ «ም/» የሚለው ካርድ ወደ ምክር፣ ወደ ምክትል፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይም «ለዚህ አይመከርም» የሚል ማስታወሻ ተጨምሮበት።